የሐርጌሳ ፈንድሻ

የወታደር ሚስት ስንቅ ማሰናዳት ታውቅበታለች። በሶው ተፈጭቶ፣ ቆሎው ተቆልቶ፣ ዳቦ ቆሎው ተጠብሶ በከረጢት ሲታሰር፣ ጉዞው ወዴት እንደ ሆነ ባይነገራት እንኳ የመንገዱን ርዝመት ከስንቁ ብዛት ትገምተዋለች። ፈንድሻ ግን ከስንቅ ተራ ገብቶ አያውቅም። ቦታ ይፈጃል፤ አየር ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሆድም አይሞላም። ፈንድሻ ተቀምጠው የሚበሉት፣ ቡና የሚያጅብ፣ እንግዳ የሚቀበል የቤት ቁርስ ነው። እናቴ ይህን ባጭሩ፣ «ቆሎ ለመንገድ፣ ፈንድሻ ለቤት» ትለዋለች። እኔም አነጋገሯን የነጋዴ ምክር ብቻ አድርጌ ስሰማው ኖሬ፣ ፍቺው በሚገባ የገባኝ ከጅጅጋ ተነሥቼ ሐርጌሳ ደርሼ በተመለስሁ ጊዜ ነው። ውድ የቤተሰብ ዓምድ አንባቢያን፣ የዚያን ጉዞ ነገር፣ ከእርሱም ጋር ፈንድሻ ከየት ተነሥቶ በየቤታችን እንደ ገባ ላጫውታችሁ።

ጉዞዬ የሽርሽር አልነበረም። እናቴ ላከችኝ፤ የላከችኝም አንዲት ባዶ ጣሳ አስይዛ ነው።

ጣሳዋ

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። የዚያድ ባሬ ጦር በመስከረም 1970 ዓ. ም. የያዛትን ጅጅጋን ለማስለቀቅ በካራማራ በተደረገው ውጊያ ላይ ወደቀ። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ. ም. ነው፤ በእኛ ቤት ግን ያ ዕለት የድልም የሐዘንም ቀን ሆኖ ኖሯል። እኔ የተወለድሁት ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር፣ እናቴ ሸሽታ ከነበረችበት ከሐረር ከተማ ነው። ሰላም ሲሆን ወደ ጅጅጋ ተመልሳ፣ ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ቆሎና ፈንድሻ እየሸጠች አሳደገችኝ።

በግንቦት 1980 ዓ. ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተነሣ። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርኦንና ሐርጌሳን ባጠቁ ጊዜ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ከተሞች በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ሐርጌሳ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ሕዝቡም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ተሰደደ። ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ ደቡብ ባለው ሜዳ ላይ የተቋቋመው የሐርተሼህ ሠፈር እየሰፋ ሄዶ፣ በአንድ ወቅት ከዓለም የስደተኞች ሠፈሮች ሁሉ የሚበልጥ እስከ መባል ደረሰ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ነበር። የተዘጋውም በ1996 ዓ. ም. ነው።

ከእነዚያ ስደተኞች መካከል አንዲት የእኔ እኩያ ልጅ ከእናቷ ጋር በጅጅጋ ዘመድ ዘንድ ተጠግታ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጥቂት ፈንድሻ በጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ አንዲት የወተት ጣሳ መስፈሪያ ይዛ ከጉልታችን አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔንም፣ «ከዚያች ልጅ ጋር እንዳላይሽ» አለችኝ። ባሏን ማን እንደ ገደለባት ታውቃለች፤ ልጅቱም የመጣችው ከዚያው አገር ነው። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ቀን ግን እናቴ የልጅቱን ጣሳ አንሥታ ገለበጠቻት። ታችዋ ወደ ውስጥ ተመትቶ ጎድጉዷል፤ እንዲህ ሲሆን መስፈሪያው ያነሰ ይይዛል። «ሰው አታታልዪ» ብላ በድንጋይ እየቀጠቀጠች አቃናችላት። ልጅቱ አለቀሰች። ጣሳዋን እንዲያ ሆና ነው ያገኘኋት አለች። አባትሽስ ብትላት፣ አውሮፕላን ከራሳቸው ከተማ ማረፊያ እየተነሣ፣ በላያቸው ዞሮ ቦምብ እየጣለ፣ እዚያው ተመልሶ እያረፈ ሲደበድባቸው ከቤታቸው ውስጥ እንደ ሞተ ነገረቻት።

«የማን አውሮፕላን ነው?» አለች እናቴ።

«የዚያድ ባሬ።»

እናቴ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሰፌዱን ሳበችና፣ ለእኔ በምትሰፍርልኝ ልክ ለልጅቱም ፈንድሻ በጉያዋ ሰፈረችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ባንድ ጉልት ሸጥን። በ1983 ዓ. ም. እነርሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመኪናው ጉዞ ድንገተኛ ስለ ነበር ጣሳዋ እኛ ቤት ቀረች።

ከዓመታት በኋላ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመላለስ አንድ ነጋዴ አገናኘን። ስልክ መደዋወል ጀመርን። ባለፈው ዓመት እናቴ ሳጥኗን ከፍታ ጣሳዋን አወጣችና፣ «እግሬ አይችልም፤ ይህችን አድርሺላት። የሰው መስፈሪያ ይዤ አልሙት» አለችኝ።

መንገዱ

ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለው አገር ሰፊ ሜዳ ነው። ከድንበሩ ማዶ የሚቀበለው መኪና መሪው በቀኝ በኩል ያለ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚሄደውም በቀኝ በኩል ነው። ከጃፓን ተገዝተው የመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ስለ ሆኑ ነው። ነጂው ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲፈልግ፣ ከግራው የተቀመጠውን መንገደኛ «ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የተቀመጥሁት እኔ ስለ ነበርሁ ይህን ሥራ የሠራሁት እኔው ነኝ።

ከውጫሌ እስከ ሐርጌሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመካከሉ ገቢሌይ ትገኛለች። የገቢሌይ ወረዳ በዝናብ የሚታረስ፣ የአገሩ የእህል ጎተራ የሚባል ነው። ግመልና ፍየል ብቻ አያለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላና የበቆሎ ማሳ አየሁ። አንዲት መንገደኛ ወደ በቆሎው እያመለከተች ስሙን ነገረችኝ። በሶማሊኛ በቆሎ «ገሌይ» ይባላል፤ ማሽላው «ሐዱድ»። ፈንድሻውን ደግሞ «ሰሎል» ይሉታል።

ከባሕር የመጣ እህል

ለመሆኑ በቆሎ የማን ነው? ሐበሻው ከቡናው ጋር፣ ሶማሌው ከሻሕው ጋር ሲያቀርበው ከጥንት ከአያቶቹ የወረሰው ይመስላል። ነገር ግን በቆሎ ለሁላችንም እንግዳ ነው።

የበቆሎ የትውልድ አገር ሜክሲኮ ነው። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ቴዎሲንቴ የሚባለውን የዱር ሣር እየመረጡና እየዘሩ፣ በብዙ ትውልድ ድካም ወደ በቆሎነት ለወጡት። የቴዎሲንቴ ፍሬ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ጠጠር ምን ብለው ጀመሩት? ጆርጅ ቢድል የተባለ፣ ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘ አሜሪካዊ ሊቅ እ. ኤ. አ. በ1939 የቴዎሲንቴን ፍሬ በእሳት ላይ አድርጎ እንደ ፈንድሻ እንደሚፈነዳ አሳየ። እንዲህ ከሆነ የሰው ልጅ ከበቆሎ ጋር የተዋወቀው በፈንድሻ በኩል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በፔሩ የባሕር ዳርቻ፣ ፓሬዶኔስና ዋካ ፕሪየታ በተባሉት ሥፍራዎች፣ እስከ 6,700 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የበቆሎ ቆረቆንዳዎች ተገኝተዋል፤ የዚያ ዘመን ሰዎችም ፈንድሻ ይበሉ እንደ ነበር ከቅሪቱ ታውቋል። በሜክሲኮ የነበሩት አዝቴኮች ደግሞ ፈንድሻን ከመብላት አልፈው እንደ አበባ ጉንጉን ሠርተው በበዓላቸው ቀን ይደፉት እንደ ነበር፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በመካከላቸው የኖረው የእስፓኝ መነኩሴ ሳሐጉን ጽፏል።

ኮሎምቦ እ. ኤ. አ. በ1492 አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ በቆሎ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ዞረ። በደረሰበትም ሁሉ ሰዎች በመጣበት በር ስም ጠሩት። ጣልያኖች የቱርክ እህል አሉት። ቱርኮች በበኩላቸው ምስር፣ ማለት ግብፅ፣ ብለው ሰየሙት። የስዋሒሊ ተናጋሪዎች ማሂንዲ፣ የሕንድ ማለት ነው፣ አሉት። ወደ እኛ አገር የገባው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደ ሆነ ይነገራል፤ አባቶቻችንም የባሕር ማሽላ ብለው ጠሩት። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማሽላ የሚመስል ማለታቸው ነው። ሁሉም የሌላ ነው አለው፤ ሁሉም ግን ተቀብሎ ዘራው። ዛሬ በኢትዮጵያ በምርቱ ብዛት ከአዝርዕት ሁሉ የሚቀድመው ይኸው እንግዳ ነው።

ፈንድሻ የከተማ ንግድ የሆነው ደግሞ ዘግየት ብሎ ነው። የቺካጎው ቻርልስ ክሪተርስ እ. ኤ. አ. በ1885 በእንፋሎት የሚሠራ መቁያ ሠራ፤ በ1893 በቺካጎ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይም ለሕዝብ አሳየው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ሲታደልና ከረሜላ ሲጠፋ፣ የአሜሪካ ሕዝብ ወደ ፈንድሻ ዞረ። በየሱቁ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው፣ ልጆቻችን የሚወዱት፣ ጣት የሚያቀልመው የበቆሎ እብጥ የተገኘው ደግሞ በ1930ዎቹ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ አገር፣ ለከብት መኖ እህል ከሚደፈጥጥ መኪና ነው። ሠራተኞች እርጥብ በቆሎ ሲጨምሩበት ከመኪናው አፍ እየተነፋ ሲወጣ አዩ፤ አንደኛው ወደ ቤቱ ወስዶ በዘይት ጠበሰውና ጨው ነሰነሰበት። የዚህ ዓይነቱ ቁርስ ዛሬ ሐርጌሳም፣ ጅጅጋም፣ አዲስ አበባም ይሸጣል። የእናቶቻችንን ፈንድሻ ግን ገና ከቤት አላስወጣውም።

ከተማዪቱ

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ውኃ የሚወርድበት በዝናብ ጊዜ ብቻ በሆነ አሸዋማ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ናት። ከሩቅ ናሳ ሐብሎድ የሚባሉት መንታ ኮረብቶች ይታያሉ። እንግሊዞች የሶማሌላንድ ግዛታቸውን ዋና ከተማ እ. ኤ. አ. በ1941 ከበርበራ ወደዚህች አዛወሩ። ሶማሌላንድ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ. ም. ነጻነቷን አግኝታ በአምስተኛው ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች፤ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ. ም. ደግሞ ራሷን የቻለች አገር መሆኗን አወጀች። ያን ጊዜ ተመላሾቹ ያገኙት ጣራ የሌለው ግድግዳና ፈንጂ የተቀበረበት ደጅ ነበር።

ዛሬ ያንን የሚያስታውሰው በመካከለኛው አደባባይ የቆመው ሐውልት ነው። በረጅም መደብ ላይ አንድ ሚግ 17 ተዋጊ አውሮፕላን ተሰቅሏል፤ ከሥሩም የጦርነቱ ሥዕሎች አሉ። እኔም የወታደር ልጅና የወታደር ሚስት ነኝና ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። በካራማራ ሰማይ ላይ አባቴን ሲያስፈራራ የነበረው አየር ኃይል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የጓደኛዬን አባት ገደለ። እናቴ በዚያን ቀን ሰፌዱን የሳበችው ይህን አስባ እንደ ነበር የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ከሐውልቱ ዙሪያ ሕይወት እንደ ልማዱ ይሄዳል። ምንዛሪ የሚሠሩት ሰዎች የሶማሌላንድን ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው በሜዳ ላይ ተቀምጠዋል። ገንዘቡ የወጣው እ. ኤ. አ. በ1994 ነው፤ ለጥቂት ዶላር ዕቅፍ ሙሉ ወረቀት ይሰጣል። ስለዚህም ብዙው ሕዝብ እ. ኤ. አ. በ2009 ተጀምሮ በተስፋፋውና ዛድ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ይገበያያል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከመንገድ ዳር ፈንድሻ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ለመግዛት ሽልንጌን ስቆጥር፣ ሴትዮዋ ስልኳን እያሳየች ሳቀችብኝ። አንድ እፍኝ ሰሎል እንኳ በስልክ ይከፈላል።

ሰሎል

ጓደኛዬ ከበሯ ላይ ቆማ፣ «ሶ ዶዎ!» እያለች ተቀበለችኝ፤ ግቢ፣ ቅረቢ ማለቷ ነው። ከዚያም፣ «ወላል» ብላ አቀፈችኝ። ወላል በእነርሱ ቋንቋ ወንድምም እህትም ነው። አማርኛዋ አልጠፋም፤ የጅጅጋ አውቶቡስ ተራ አማርኛ እንደ ነበረ ተቀምጧል።

ጣሳዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ምንም አላለችም። ገልብጣ ታችዋን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ የድንጋዩ ምልክት አሁንም አለ። ከዚያ በኋላ ሳቀች፤ «እማማ ደህና ናት?» ብላም ጠየቀች።

ጓደኛዬ ዋሔን በሚባለው ትልቁ ገበያ ውስጥ እህልና ቅመም ትሸጥ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ. ም. ሌሊት በገበያው ላይ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሺህ ነጋዴዎች የሚተዳደሩበትን ንብረት ሲያወድም፣ የእርሷም ሱቅ አመድ ሆነ። በማግስቱ ከደጃፏ ላይ ድስት ጥዳ ሰሎል መሸጥ ጀመረች። «የማውቀው የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ነው፤ ያስተማረችኝም እማማ ናት» አለችኝ።

ለእንግዳዋ አፈላችልኝ። ከድስቱ ዘይት አግብታ፣ ሦስት ፍሬ ጥላ እስኪፈነዱ ጠበቀች። ከዚያ የቀረውን ጨምራ ከደነች። መንጣጣቱ ሲጀምር እኛው እንደምናደርገው ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው። ወደ ሰፊ ሳሕን ገልብጣ ጨው ነሰነሰችበት፤ ለልጆቿ ከፍላ ስኳር ጨመረችበት። ከወተትና ከሄል ጋር የፈላ ሻሕ ቀዳችልኝ። ቡናስ ብላት፣ እነርሱም ቡናውን «ቡን» እንደሚሉት ነገረችኝ። ፍሬውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው ለእንግዳ የሚያቀርቡ ሶማሌዎችም አሉ።

እየበላን የሽሽቱን ነገር አነሣች። ከሐርጌሳ ሲወጡ ስምንት ሌሊት በእግር ተጓዙ። ቀን ቀን በዛፍ ሥር ይሸሸጋሉ፤ አውሮፕላኑ መንገደኛውንም ይመታ ነበርና። እናቷ በሻሽ የቋጠረችው ማሽላ ነበራቸው፤ ነገር ግን ጢስ እንዳይታይ እሳት አይነድም። ማሽላውን በውኃ ዘፍዝፈው ጥሬውን ቆረጠሙ። «ሐርተሼህ ደርሰን እናቴ መጀመሪያ እሳት ያነደደችበትን ማታ አልረሳውም» አለች። «ከዚያው ከተረፈው እህል እፍኝ ቆላች። ጥቂቱ ፈነዳ። ታናሽ ወንድሜ ነጩን አይቶ፣ እቤት ገባን? ብሎ ጠየቀ።»

ማሽላም እንደ በቆሎ የሚፈነዳ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የእናቴ አነጋገር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቆሎ ለመንገድ፣ ፈንድሻ ለቤት። ፈንድሻ እሳትና ክዳን ይፈልጋል፤ ድምፁ ይሰማል፤ የሚሸሽ ሰው አያፈላውም። ከአንድ ቤት የፈንድሻ መንጣጣት ከተሰማ፣ በዚያ ቤት ማንም አይሸሽም ማለት ነው።

ለምን ይፈነዳል? ለምንስ እምቢ ይላል?

ጓደኛዬ የጠየቀችኝ አንድ የሙያ ጥያቄ ነበር። በደረቁ ወራት የገዛችው የፈንድሻ በቆሎ እኩሌታው ሳይፈነዳ ይቀርባታል። ይህ በቆላ ባሉ የጦር ሠፈሮቻችን የሚኖሩ እመቤቶችም ችግር ስለ ሆነ ያወቅሁትን ልግለጽ።

የፈንድሻ በቆሎ ከተራው በቆሎ የተለየ ዘር ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው። በውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ስታርችና ጥቂት ውኃ አለ። እሳቱ ሲሞቅ ውኃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ቅርፊቱ ግን አያስወጣውም። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ የውስጡ ግፊት ከውጪው አየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ ቅርፊቱ ይቀደዳል፤ የለሰለሰው ስታርች እንደ አረፋ ተነፍቶ ወዲያው ይደርቃል። ተራው በቆሎ ቅርፊቱ እንፋሎቱን ስለሚያሳልፍ ቆሎ ይሆናል እንጂ ፈንድሻ አይሆንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ያልተሰነጠቀ ቅርፊትና በቂ እርጥበት። ከፍሬው ክብደት ውስጥ ውኃው ከመቶ 13 እስከ 14 መሆን አለበት። እንደ ሐርጌሳና እንደ ጅጅጋ ባለ ደረቅ አየር በክፍት ጆንያ የቆየ በቆሎ ውኃውን ያጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለ አንድ ሊትር ማሰሮ ወይም ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው በቆሎ ይሞላና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይጨመርበታል። ከዚያ በደንብ ተከድኖ ይናጣል። ውኃው እስኪጠጣ በየጊዜው እየናጡ ሦስት ቀን ያህል ማቆየት ነው። ከዚያ ጥቂቱን ፈትኖ ማየት ይገባል። ከአጨዳ በኋላ ረጥቦ የሻገተ በቆሎ ግን ለፈንድሻም ለሌላም አይሁን፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያፈራል፤ እሳቱም አያጠፋውም።

ድስቱ ወፍራም መቀመጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ፍሬው አንድ ተራ ብቻ ሆኖ ይነጠፍ። በመንጣጣቱ መካከል ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ዝምታ ሲሰማ ከእሳት ይውረድ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ የላመውን ይነስነሱበት። አራት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ፈንድሻ አይሰጥ፤ ሊያንቃቸው ይችላል።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኋት፤ ያን ጊዜውኑ አንድ ጠርሙስ አሰናዳን። ልመለስ በተሰናዳሁበት በአራተኛው ቀን ማለዳ ጠርሙሱን ከፍታ አፈላችው። ከድስቱ ግርጌ ሳይፈነዳ የቀረው ከእፍኝ ያነሰ ነበር።

መልስ

እኛ አገር የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ በሐርጌሳም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጓደኛዬ ጣሳዋን በዚያው ማለዳ ፈንድሻ እስከ አፏ ሞላች፤ በላስቲክ ጠቅልላ በክር አሰረቻት። «መስፈሪያዬን ሰጥታኝ ነበር፤ እኔም መልሼ ሰጥቻታለሁ በያት። ታችዋ እንደ ተቃና ነው፤ ትይ» አለችኝ።

በገቢሌይ ማሳዎች አጠገብ፣ በውጫሌ ኬላ፣ ከዚያም በጅጅጋ መንገድ ሁሉ ጣሳዋን በጉያዬ ይዤ ተመለስሁ። ፈንድሻ ለመንገድ አይሆንም ያልሁት እውነት ነው፤ ስደርስ ለስልሶ ነበር።

እናቴ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ክሩን ራሷ ፈታች። ጣሳዋን በመዳፏ መዘነቻት፤ ታችዋንም ተመለከተች። ከዚያ አንዲት ፍሬ አንሥታ በቀሩት ጥርሶቿ አላመጠች፤ ቆይታም ሌላ አነሣች።

«ጨው አብዝታበታለች» አለች። «ያኔም ታበዛ ነበር።»

እኔ ጀበናውን ልጥድ ስነሣ፣ ለጎረቤቶቻችን እንድነግር አዘዘችኝ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የጦር ሠፈሩ ሴቶች ቤታችን ተሰበሰቡ። እናቴ ከቡናው ጋር የሐርጌሳውን ፈንድሻ በዚያችው ጣሳ እየሰፈረች ለሁሉም እኩል አደረሰች።